የትንሿ መሬት

እኔ ቂም እይዛለሁ። ይህን አፍ አውጥቼ ስናገር የሚያፍሩልኝ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን አላፍርም። ከእናቴ የወረስኩት እሱን ብቻ ነው። መሬቱማ ተበላ።

ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ በእኛ ቤት እህል ተቀምሶ ሲያበቃ የሚባል ነገር አለ። ሌላው ሰው «ተመስገን» ብሎ እጁን በሚታጠብበት ሰዓት እናቴ እታገኝ ፊቷን ወደ ደጁ አዙራ፣ «መሬቴን የበላውንም ያስበላውንም መሬት ይብላው!» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች። እኔ «አሜን» ካላልኩ ገበታው አይነሳም። ትምህርት ቤት የሚረፍድብኝ ቀን እንኳ አሜኔን ሳልል ከቤት አልወጣም ነበር። የበላው አጎቴ ደግሰው፣ ያስበላው ደግሞ ልጁ ተስፋው እንደሆነ ስም ሳንጠራ ሁለታችንም እናውቃለን። ማለቴ፣ የምናውቅ ይመስለን ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም. ነው። አባቴ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። እኔና እናቴ ሰቆጣ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ እሷ ገበያ ላይ ምስር ትሸጣለች፣ እኔ እማራለሁ። የምንተዳደረው ግን ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው በአባቴ መሬት ምርት ነው። አያቴ ለሁለት ወንድ ልጆቹ ሲያካፍል ሰፊውን ለታላቁ ለደግሰው፣ ከወንዙ ዳር ያለችውን ጠባብ ቁራጭ ለአባቴ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የእነሱ «ትልቁ»፣ የእኛዋ «ትንሿ» ተብለው ቀሩ። «ትንሿ ዘንድሮ ምን ሰጠች?» ይላል ጎረቤቱ፣ እንደ ላም። የአገሩ መሬት ተለክቶ ሲመዘገብ አባቴ ታሞ ተኝቶ ስለነበር ትንሿ የገባችው በደግሰው ደብተር ላይ ነው። በወንድማማች መካከል ምን ችግር አለ ተባለ። አባቴ ሲሞት ችግሩ መጣ፤ ደግሰው ትንሿም የእኔ ናት አለ።

ቤታችን መብራት ስላልነበረው የእናቴን ስልክ ቻርጅ ለማስደረግ በየሁለት ቀኑ ወደ ሸምሱ ሱቅ እላካለሁ። ሸምሱ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ልጅ ሲያይ ከረሜላ የማይነፍግ ሰው ነው። ሱቁ የጋለ ካውያና የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ያ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው እንግዲህ ተስፋው የሚሠራው። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ የተመለሰ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት።

እናቴ ከደግሰው ቤት ውሃ እንኳ እንዳልቀምስ ከልክላኛለች። ስለ ተስፋው ግን አንድም ቀን ክፉ አትናገርም፤ ስሙ ሲነሳ ዝም ትላለች። እኔም ዝምታዋን ከሁሉ የባሰ ጥላቻ አድርጌ ቆጠርኩት።

በሱቁ ጓዳ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር። ውስጡ አምፖል፣ ከአምፖሉ ሥር ስልሳ እንቁላል። ሁዳዴ ስለነበር ክርስቲያኑ እንቁላል አይበላም፤ ገበያው በእንቁላል ሞልቶ ርካሽ ሆኗል። ተስፋው ያለ ዶሮ ጫጩት ሊያስፈለፍል ነው ተብሎ ከተማው ሳቀ። «የደግሰው ልጅ ተምሮ ተምሮ እንቁላል ታቀፈ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሸምሱ ብቻ አልሳቀም። «ስማ ተስፋው» አለው አንድ ቀን እኔ ስልኩን እየሰጠሁት ሳለ፣ «በሃያ አንድ ቀናቸው ከወጡ ወላሂ ጓዳው ያንተ ነው፤ እኩል እንሠራለን። ካልወጡ ግን ወደ አባትህ ሞፈር ትመለሳለህ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

የሳጥኑን ሥራ የሚያሠሩት ሁለት ቦርዶች ነበሩ። አንዷ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ሙቀቱን እየለካች አምፖሉን ታበራለች፣ ታጠፋለች። ሌላው የመጫወቻ ካርታ ያክላል፤ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው፣ የተስፋው አስተማሪ «መልሰህ ታመጣዋለህ» ብሎ ያዋሰው። ከሸምሱ አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ለክብሪት ቀፎዋ ምን እንደምታደርግ የሚጽፍላት እሱ ነው። ተስፋው ለእኔ ሲያስረዳኝ እሱን «ሙሽራው»፣ እሷን «ሙሽሪት» ይላቸው ነበር።

«ነይ ፅዮኔ፣ ቅረቢ» ይለኛል። «ይቺ የሙሽሪት አፍ ናት፣ ይቺ ጆሮዋ። ሙሽራውም አፍና ጆሮ አለው። አፍ ካፍ ብናገናኝስ?»

«ይጯጯሃሉ።»

«ጆሮ ከጆሮስ?»

«ዝም ይባባላሉ።»

«ጎበዝ! ስለዚህ ያንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ። እንዲህ ያለውን ትዳር ሰቆጣ ውስጥ አላየሁም እንጂ።» ይስቃል። ነጯን ገመድ እኔ ሰካሁ፣ ቢጫዋን እኔ ሰካሁ። ጣቶቼ ቀጭን ስለሆኑ ከእሱ ይሻሉ ነበር።

«ጥቁሯስ?» አልኩት።

«እሷን ቆይተሽ ታውቂያታለሽ።»

ያን ቀን የጥቁሯን ስም ቢነግረኝ ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ።

ከሙሽሪት የምትወጣ አንዲት ቀይ ገመድም ነበረች፤ ሥራ የላትም፣ ጫፏ በፕላስተር ታሽጓል። «ይቺን ሞተሽ እንዳትነኪ» አለኝ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «ሙሽሪት በአምስት ቮልት ነው የምትኖረው። እሱ ከሦስት ትንሽ ካለፈ አይችልም። ለዚህ ነው ድምጿን የሚቀንሱ እነዚህን እህል የሚያካክሉ ነገሮች መሀል ያደረግኩት። ቀይዋ ጆሮው ውስጥ ከገባች በቁሙ ይሞታል።»

«እሱ ትልቅ አይደለም እንዴ?»

«ትልቅነት አያድንም፣ ፅዮኔ።»

እውነት ለመናገር ተስፋውን እወደው ነበር። ከአባቴ ሞት በኋላ ከእኔ ጋር እኩል ቁጭ ብሎ ያወራ ሌላ ወንድ የለም። ይህን መውደዴን እንደ ሌብነት ደብቄው ወደ ቤት እመለሳለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴ ከጎረቤታችን ከወለተ ጊዮርጊስ ጋር ምስር እየለቀመች ስታወራ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ በትንሿ ጉዳይ ከፋሲካ በኋላ ሊቀመጡ ነው። «እንግዲህ የኔ መሬት ነገር በተስፋው እጅ ነው» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ወለተ ጊዮርጊስ ከንፈሯን መጠጠች። «የአባቱ ልጅ አይደል፤ ምን ይታወቃል?» አለቻት። እናቴ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

በተስፋው እጅ! ያ እጅ ገመድ ሲሰካ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። መሬታችንን የያዘው እሱ ነው ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ስልኩን ልወስድ ስሄድ ሸምሱና ተስፋው ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳው ውስጥ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ተበላሽቶ እየተጨቃጨቁ ነው። እኔ ከዚህ ወዲህ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ።

«መሬቱን አይተሃል?» አለ ሸምሱ።

«ይኸዋ! የትንሿ መሬት ከትልቁ መሬት ተለያይቷል። ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አንድ አድርጋቸዋ! ከመጀመሪያውም መለያየት አልነበረባቸውም።»

«እሽ፣ አሁኑኑ የትንሿን መሬት ከትልቁ መሬት ጋር አገናኛለሁ» አለ ተስፋው። ደስ ብሎት ነበር። ከድምፁ ያስታውቃል።

ስልኩን ሳልወስድ ሮጥኩ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ ግን የሐዘን አልነበረም። ነጯን አንቺ ስኪ፣ ቢጫዋን አንቺ ስኪ እያለ ሲያስቀኝ የኖረው የአባቴን መሬት ሊበላ ነው። ሸምሱም አብሮ። ከረሜላውም ጭምር መራራ ሆነብኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ የምትችለው ማልቀስ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ማድረግ የምችለው ነገር ነበረኝ፤ ያስተማረኝም ራሱ ነው።

በማግስቱ አርብ ነበር። ቀትር ላይ ሸምሱ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደ። ተስፋው ደግሞ የሁዳዴ ቅዳሴ አለበት። «ፅዮኔ፣ ሱቁን ጠብቂልኝ፤ ሰው ከመጣ ቅዳሴ ሄዷል በይ» ብሎ ነጠላውን አጣፋ። ሁለቱም ወደ አምላካቸው ሄደው ጓዳውን ለእኔ ተዉልኝ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አምፖሉ በርቷል። ሳጥኑ ላይ ባለችው መስታወት እንቁላሎቹ ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ተስፋው በእርሳስ ቁጥር ጽፏል። የቀይዋን ፕላስተር በጥፍሬ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። በጥርሴ ላጥኩት። ከዚያ በሙሽራው ጆሮ ውስጥ ያለችውን ገመድ ነቅዬ ቀይዋን ሰካሁ።

ድምፅ አልነበረም። የሙሽራው ትንሽ መብራት ጠፋች፣ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ቀጭን የመቃጠል ሽታ መጣ። አሁን እንደማውቀው ሙሽሪትም ደንዝዛ ቀርታለች፤ አምፖሉን እንዳበራች ስለቆመች አምፖሉ እንደበራ ቀረ። ያን ጊዜ ያ አልገባኝም። ሳጥኑ ውስጥ የተንጠለጠለውን ቴርሞሜትር ግን ማንበብ እችል ነበር። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። ተስፋው ከሠላሳ ስምንት ካለፈ ይሞታሉ ሲል ሰምቼዋለሁ። ማብሪያ ማጥፊያው ከራሴ በላይ ነበር፤ ዱካ ላይ ብቆም እደርስበታለሁ። ዱካውን ሳብኩትና ተቀመጥኩበት። አርባ አንድ። አርባ አራት። ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅነቴን ሰበብ አድርጌ ይህን ብደብቅ ውሸት ይሆንብኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ተስፋው ሲመለስ እኔ ከፊት ያለው መደርደሪያ ጋ ቁጭ ብዬ ነበር። ገባ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሸምሱ መጣ፤ መጋረጃውን ሲገልጠው አየሁ። ተስፋው አንዱን እንቁላል ሰብሮ መዳፉ ላይ ይዞታል። አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። ጫጩቱ ላባ አውጥቷል፣ ጥፍር አውጥቷል፣ አንገቱን ከክንፉ ሥር አድርጎ ተኝቷል።

«ምን ሆነ?» አለ ሸምሱ።

ተስፋው ሽቦዎቹን አየ። ወለሉን አየ። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አነሳ። ከዚያ ቀና ብሎ በመጋረጃው ክፍተት እኔን አየኝ። ቀይዋን ገመድ ነቅሎ ጠቀለላትና ኪሱ ከተታት።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ።

አወይ ቂል አልኩ በልቤ። ተምሮ ተምሮ ማን እንዳደረገው እንኳ አያውቅም።

ሸምሱ ቃሉን ጠበቀ። ተስፋው የሞተውን ቦርድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ አባቱ ሞፈር ተመለሰ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከትንሿ በላይ ባለው ግራር ሥር ተቀመጡ። ደግሰው ቆሞ፣ «ልጄ ሥራ የለውም፤ ነገ ቤት ሊመሠርት ነው፤ የሚያርሰው ያስፈልገዋል። መሬቷም በደብተሬ ላይ ናት» አለ። እናቴ ግን አልተረበሸችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተስፋውን ብቻ ታያለች። በኋላ አባ ወልደ ሐዋርያት የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጅ ተስፋው» አሉ፤ «ነፍሱን ይማረውና አጎትህ ታሞ ሳለ ካባትህ ጋር ሲማማሉ አንተ አጠገባቸው ነበርህ ይባላል። ሌላ ሰው አልነበረም። ትንሿ የማን ናት ተባለ?»

እኔ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ አልገባኝም። ሌባን ስለ ሰረቀው ዕቃ ይጠይቁታል እንዴ ብዬ ገረመኝ። ተስፋው እናቴን አላያትም። እኔን አየኝ። እንደዚያ ቀን፣ ረጅም አየኝ።

«አላስታውስም፣ አባ» አለ።

«ተስፋው!» አለች እናቴ።

በዚያው ቀን ትንሿ ወደ ትልቁ ገባች። እናቴ ማታ እንጀራውን ቆርሳ ሳትጨርስ ገበታውን ገፋችና ለመጀመሪያ ጊዜ ረገመች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አሜን አልኩ፤ ከልቤ። ሙሽራውን መግደሌ አንሶብኝ ሁሉንም ሳጥን፣ ሁሉንም ሱቅ ባቃጠልኩ ብዬ ተመኘሁ።

ኤሌክትሪክ ያጠናሁት በእልህ ነው። በሦስተኛ ዓመቴ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አስተማሪያችን ሁለት ቦርድ ይዛ መጣች። ሽቦዎቹን አገናኘን። ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ዝባዝንኬ መጣ። ቀልደኛ ናት፤ ሳቀችና በአማርኛ፣ «መሬቱን ረስታችኋል። የትንሿን መሬት ከትልቁ መሬት ጋር ካላገናኛችሁ እንዴት ይግባባሉ?» አለች። ጥቁሯን ገመድ፣ በኤሌክትሪክ ቋንቋ «መሬት» የምትባለውን፣ አንስታ አሳየችን።

ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የትንሿ መሬት። ትንሿ መሬት አይደለም፤ የትንሿ። ጆሮዬ በአሥር ዓመቴ የዋጣት አንዲት ፊደል አለች፤ «የ» ትባላለች። በእሷ ምክንያት ስልሳ ጫጩት፣ አንድ ሰውና አንድ መሬት ሄዱ። እናቴ ያለችውም ያኔ ገባኝ። መሬቷ በተስፋው እጅ ነበር፤ ምስክሯ እሱ ብቻ ነበራ!

በዚህ ዓመት፣ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁትን አዲስ ቦርድ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወደዚያ መንደር ወጣሁ። ተስፋው ገብስ እያረመ ነበር። ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ እጁ ሻክሯል። ሰላምታዬን ተቀበለ፤ ቁጭ በይ ግን አላለኝም።

«ሙሽራውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ፕላስተሩ ላይ የጥርስሽ ምልክት ነበረበት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«የቱን ነው የምትዪኝ? ሱቁን ነው፣ ግራሩ ሥር ያለውን?»

«ሁለቱንም።»

አረሙን ከእጁ አራገፈ። «ሱቁ ውስጥ ዝም ያልኩት ላንቺ አዝኜ ነው። ልጅ ነሽ አልኩ። ግራሩ ሥር ዝም ያልኩት ግን በቀል ነው። ለእታገኝ ልመሰክርላት ቆርጬ ነበር፤ ጓዳው የኔ ከሆነ የአባቴ መሬት ምን ያደርግልኛል? ከዚያ እዚያ ቆመሽ አየሁሽ። ንቀሽኝ ነበር። ዓይንሽ ላይ ነበር። ይቺም ትቅመስ አልኩ።»

ለይቅርታ ነበር የመጣሁት፤ አፌ ውስጥ ግን ይቅርታው አልተገኘም። የሰማሁትን ብቻ ነገርኩት። መጋረጃውን፣ ሐሙሱን፣ «የትንሿን መሬት ከትልቁ መሬት ጋር አገናኛለሁ» ያለውን። ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። ይስቃል ብዬ ፈራሁ፤ ቢስቅ በድንጋይ የምለው ይመስለኝ ነበር።

ዞር ብሎ በእጁ ማሳውን አሳየኝ። ድሮ አባቴ የተከላቸው የወሰን ድንጋዮች የነበሩበት ቦታ ላይ ገብሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ ቆሟል። ድንጋዮቹ የፍየል በረቱ ግንብ ውስጥ ገብተዋል።

«ታዲያ ምን ተሳሳትሽ?» አለኝ። «ይኸው፣ አገናኘኋቸው።»

ቦርዱን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተመለስኩ።

ሰቆጣ ስደርስ እናቴ ምሳ ሠርታ ጠበቀችኝ። የት ዋልሽ አላለችኝም፤ ጫማዬ ላይ ያለውን የወንዝ ዳር ጭቃ ግን አይታዋለች። በልተን ጨረስን። እጇን ሳትታጠብ ፊቷን ወደ ደጁ አዞረች።

«መሬቴን የበላውንም ያስበላውንም መሬት ይብላው!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጠበቀችኝ።

«አሜን» አልኩ።